ስንተኛ ወጣህ?

እኛ ሀገር አንድ ሰው ሮጠ ከተባለ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንዴት ነበር?» የሚል የለም። «ጉልበትህን አላመመህም ወይ?» የምትል ካለችም እናት ናት። ሌላው ሁሉ፣ ዘመዱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም «ስንተኛ ወጣህ?» ነው የሚለው።

ይኸውላችሁ፣ በ2008 ዓ.ም. ህዳር ላይ ታላቁን ሩጫ ሮጬ በማግስቱ ቢሮ ስገባ፣ ያውም የደረጃውን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ እግሬን አንድ በአንድ እየለመንኩ ስወጣ፣ የሂሳብ ክፍሉ ሰውዬ ከላይ ቆሞ ቁልቁል እያየኝ «እህሳ፣ ስንተኛ ወጣህ?» አለኝ።

«አርባ ሺህ ሰው እኮ ነው የሮጠው» አልኩት።

«እሱን አውቃለሁ። ስንተኛ ወጣህ ነው የምልህ።»

«እኔ እንጃ፤ ሠላሳ ሁለት ሺህ ምናምነኛ።»

ትንሽ አሰብ አደረገና «አይ፣ ከኋላህም ሰው አለ በለኛ!» ብሎኝ ሻዩን ሊጠጣ ሄደ። ማጽናናቱ መሆኑ ነው።

ይህችን ጥያቄ ከትምህርት ቤት ይዘናት የወጣን ይመስለኛል። ሰኔ 30 ካርድ ይሰጣል። አባት ካርዱን ሲቀበል ልጁ በሂሳብ ስንት አመጣ፣ በሳይንስ ስንት አመጣ ብሎ አይመለከትም፤ ዓይኑ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ከታች «ደረጃ» ወደሚለው መስመር ነው። አንደኛ ከሆነ እሰየው። ሁለተኛ ከሆነ «ማነው የቀደመህ?» ይባላል። አስራ ዘጠነኛ ከሆነ ደግሞ ልጁን የምታድነው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ከስንት?» የምትለዋ። ከስልሳ ሁለት ተማሪ አስራ ዘጠነኛ መውጣትና ከሃያ ተማሪ አስራ ዘጠነኛ መውጣት አንድ አይደለማ! ስለዚህ ብልጥ ልጅ ሳይጠየቅ «ከስልሳ ሁለት አስራ ዘጠነኛ» ብሎ አያይዞ ነበር የሚናገረው። (ይህችን «ከስንት» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።)

ሩጫ ላይ ሲሆን ግን እሷም ብዙ አታድንም። የአበበ ቢቂላ ሀገር ነና! በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ፣ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ተከትሎት የገባው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነበር። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ ሃያ አምስት ሰከንድ! ሰው ጫማውን የሚያስርባት ጊዜ ናት። እስቲ ከመካከላችን የዚያን ሰው ስም ሰምቶ የሚያውቅ ስንት አለ?

ወደ ታላቁ ሩጫ ልመለስ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተጀመረው ህዳር 1994 ዓ.ም. ነው። በዚያ በመጀመሪያው ሩጫ 10 ሺህ ያህል ሰው ተሳተፈ፤ ከወንዶች ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ከሴቶች ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ። ኃይሌ ከሩጫው መሥራቾች አንዱ በመሆኑ ደጋሹ ራሱ ሙሽራ ሆነ ማለት ነው። እኔ ያኔ አስፋልት ዳር ቆመው ከሚያዩት ነበርኩ። ርቀቱ አስር ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ግን እስከዛሬ «ማራቶን» ነው የሚለው፤ እኛ ዘንድ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ያለፈ ሩጫ ሁሉ ማራቶን ነው።

አስር ኪሎ ሜትር ቀላል የሚመስለው ካለ አዲስ አበባን በመኪና ብቻ የሚያውቃት ሰው መሆን አለበት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ መቀመጧ ሳያንስ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያዘነበለች ናት። ሰሜኗ ሽቅብ፣ ደቡቧ ቁልቁል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ደቡብ ደስ እያለህ የወረድከውን ሁሉ ወደ ሰሜን ስትመለስ ከነወለዱ ትከፍላታለህ። ሳንባህ የሚያገኘው ኦክስጅን ደግሞ ባሕር ዳር ቆሞ ከሚተነፍስ ሰው ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል የጎደለ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ «ይቺ መንገድ ሜዳ ናት» እል የነበረውን ሁሉ እግሬ አንድ በአንድ ውድቅ አድርጎብኛል።

እኔን ወደ ሩጫ ያስገባኝ ሐኪም ነው። ያኔ ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ «ስኳሩ ድንበር ላይ ነው። ወይ ሰውነትህን ታንቀሳቅሳለህ፣ ወይ መድኃኒት እንጀምራለን» አለኝ። መድኃኒቱን ፈርቼ ከነቴራውን ገዛሁ። ጫማም ገዛሁ፤ ደህና ጫማ፣ አርባ ሁለት ቁጥር፣ ዋጋውን ለባለቤቴ ግማሹን ብቻ የነገርኳት።

ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ የባለቤቴ የእህት ልጅ ከአርሲ መጣ።

አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አስረኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲቀመጥ እንኳ የሚነሳ የሚመስል ልጅ ነው። የያዘው አንድ ቦርሳ ሲሆን ቦርሳው ውስጥ አንድ ቱታ፣ አንድ ኪሎ የሚሆን በሶና በጋዜጣ የተጠቀለለ የመሮጫ ጫማ ነበር። ጫማውን ከሌላ ሯጭ ላይ ነው የገዛው። እናቱ ሁለት በግ ሸጣ! መድረሱን ልትጠይቅ የደወለች ዕለት ለባለቤቴ እንዲህ አለቻት፤ «አደራ እህቴ። እዚያ ከሮጠ ሰው ያየዋል ይላሉ። ብቻ ሰው ይየው።»

«ሰው ይየው» ማለቷን ልብ በሉ። ያሸንፍ አላለችም።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ታላቁ ሩጫ አንድ ሩጫ አይደለም፤ ሁለት ነው። ከፊት ጥቂት መቶ አትሌቶች ይነሳሉ፤ ከክለብ የመጡ አሉ፣ ክለብ የሚፈልጉ አሉ። ከኋላ ደግሞ እኛ አለን፤ ያን ዓመት አርባ ሺህ ነበርን። ከፊት ያሉት የሚሮጡት እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ከኋላ ያለነው የበላነውን እንጀራ ለማቃጠል። ከፊት የሚሮጠውን የክለብ አሰልጣኝ ያየዋል፣ ማናጀር ያየዋል። ክለብ ከያዘው ደመወዝ አለ፤ ማናጀር ከያዘው ፓስፖርት አለ፣ የውጭ ውድድር አለ። የአርሲ እናት ይህን ተረት ብላ አታልፈውም። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው፤ ኃይሌ ራሱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ አስር ኪሎ ሜትር እየሮጠ የተማረው እዚያው አርሲ፣ አሰላ አጠገብ ነው። በገበያ ቀን የምታውቃት ሴት ልጅ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ያየች እናት ሁለት በግ ብትሸጥ ማን ይፈርድባታል?

ልጁ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኝቶ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል። ለሦስት ሳምንት ያህል የግቢያችን በር ከዶሮ ቀድሞ ነበር የሚጮኸው። አንድ ቅዳሜ እኔም አብሬው ካልሄድኩ አልኩ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ። እሱ ሊሮጥ፣ እኔ ደግሞ… እንግዲህ ሊያየኝ።

ገና ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ እኔ የምተነፍሰውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ልጁ ዞሮ መጥቶ ከጎኔ ዝግ ብሎ እየሮጠ፣ መሮጥ ከተባለ፣ እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ አቀበቱን ቀና ብለው አይዩት። እግርዎን ይዩ። አቀበት ሲያዩት ይረዝማል።»

«ቁልቁለቱስ?»

«ቁልቁለቱን ነው የሚፈሩት። አቀበት የሚወስደው ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽ ይመለሳል። ቁልቁለት ግን ጭን ይበላል። ጭን ከተበላ የዚያን ቀን አይመለስም።»

ያን ጊዜ የባላገር ፍልስፍና መስሎኝ ነበር። በኋላ ሐኪሙን ስጠይቀው እውነት መሆኑን ነገረኝ። ቁልቁል ስንሮጥ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይይዛል፤ እንደ መኪና ፍሬን ማለት ነው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ስለወጣን ሳይሆን ስለወረድን ነው።

እኛ ወደ ላይ ስንል እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ከላይ ወደ ታች ይመጡ ነበር። ታውቋቸዋላችሁ፤ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም የባሕር ዛፍ ሸክም ጀርባቸው ላይ አግድም አስረው፣ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ጭን በሚበላው ቁልቁለት። ልጁ ሲያያቸው ከመንገዱ ወርዶ ቦይ ውስጥ ገባና ቆመ። እስኪያልፉ ቆሞ «በርቱ እናቶቼ» አላቸው። አንዷ ቀና ሳትል «አንተም በርታ፣ ማን አባርሮህ ነው?» አለችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የሩጫው ዕለት እሑድ ጨለማው በቅጡ ሳይለቅ ሰው ወደ መስቀል አደባባይ ይፈስስ ነበር። መንገድ ተዘግቷል፤ ታክሲ የለም፤ ከየሰፈሩ በእግር ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከነቴራ ለብሷል። ከነቴራ ያልደረሰው ያምናውን፣ እንዲያውም ቀለሙ የለቀቀ የዛሬ ስድስት ዓመቱን ለብሶ መጥቷል። ከበሮ የያዘ አለ፣ ጥሩንባ የያዘ አለ፣ ፊቱን ባንዲራ የተቀባ አለ። ልጁን ከፊት ወደሚነሱት ሸኘሁት። የሰው አገር የገባ ይመስል እጄን አጥብቆ ጨብጦ «ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ደረጃው ጋ እንገናኝ» አለኝና ገባ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። አርባ ሺህ ሰው መሀል ሆነህ የምታየው የፊትህን ሰው ማጅራት ብቻ ነው።

መነሳታችን ከተነገረ በኋላ የመነሻውን መስመር ለመርገጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። አስቡት፤ እኔ «አሁን ተጀመረ» ስል ልጁ ከመንገዱ ሁለት እጁን ጨርሷል።

የመጀመሪያው ግማሽ ጨዋታ ነው። እውነቴን ነው፤ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ሄጄ አላውቅም። መኪና የለም፤ ጡሩንባ የሚነፋብህ የለም፤ የሜክሲኮን አደባባይ እንደ ግቢህ መሀል ለመሀል ትቆርጠዋለህ። የባንክ ሠራተኞች በአንድ ድምፅ ይዘፍናሉ። አንድ ጎረምሳ ከነሙዚቃ ሳጥኑ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይሮጣል። የየሰፈሩ ልጆች ውሃ ይረጫሉ። በሳር ቤት አድርገን ቁልቁል ስንወርድ ሁሉም ጀግና ነበር፤ እኔም ጭምር። ቄራ ስንደርስ ደግሞ ሽታው ራሱ ያሯሩጣል። (የቄራ ሰዎች እንዳትቀየሙኝ፤ እናንተ ለምዳችሁታል።)

ጎተራ ማሳለጫ ከደረስን በኋላ ግን ዘፈኑ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ እዳ መክፈያው ነው። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነበር፤ ሐዲዱ ከጎናችን ቀጥ ብሎ ሽቅብ ሄዷል፤ እኔም አንድ ባቡር ቢመጣ ተሳፍሬ በክብር ብገባ ብዬ ተመኝቻለሁ። ከኔ ቀድመው ሁለት ወጣቶች እጃቸውን በአጭር ገመድ አያይዘው ይሮጡ ነበር። አንደኛው ዓይነ ስውር ነው።

«አቀበቱ አለቀ?» ይለዋል።

«ትንሽ ቀረው።»

ጥቂት ይሄዱና «አሁንስ?»

«አለቀ፣ አለቀ።»

«አንተ ውሸታም! እግሬ እኮ ያያል!» ይለዋል፤ ሁለቱም እየሳቁ ያልፋሉ። ሁለቱም አለፉኝ።

ከዚያ ጎኔን ወጋኝ። ዳር ይዤ ቆሜ፣ ያው እንደኔ ከቆመ አንድ ሰው ጋር ስለ ኑሮ ውድነት ማውራት ጀመርን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት፣ ከጉልበታቸው በታች የሚወርድ ቁምጣና ሸራ ጫማ አድርገው፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል እኩል እየረገጡ መጡ። ሳይቆሙ ዞር አሉና «ልጄ፣ አቀበት ላይ ወሬ አይወራም» ብለውኝ አለፉ። ልጄ ማለታቸው ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ትንሽ ቀደም ብሎ አንዲት ወጣት ከፎቅ ላይ ሆና «አይዞት አባባ፣ ደርሰዋል!» ብላኝ አጥንቴ ድረስ ሰርጾ ነበር።

የቀረውን ዓይኔን እግሬ ላይ ጥዬ ወጣሁት። አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ። ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ ሳደርገው፣ አትፍረዱብኝ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቱታውን ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦ። ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። የአንዱ ጫማ ሶል ከፊት ተላቆ ምላሱን አውጥቷል።

«እንዴት ነው?» አልኩት። «ስንተኛ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

እሱ ግን ያንኑ መለሰልኝ። «ሃምሳ ሦስተኛ።»

ሠላሳ አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ነው የሮጠው። በዚህ ከፍታ፣ በዚህ አቀበት፣ ሶሉ በተላቀቀ ጫማ። ይህን ሰዓት ይዞ ሜዳ በሆነ የአውሮፓ ከተማ፣ የቅዳሜና እሑድ ሩጫ ላይ ቢገኝ ዋንጫ ይዞ ፎቶ ሊነሳ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። እዚህ ግን ሃምሳ ሁለት ሰው ቀድሞታል፤ ከሃምሳ ሁለቱም ብዙዎቹ እንደሱ በግ የተሸጠላቸው ናቸው።

ከቤት ደርሰን ምሳ ቀረበ። ዶሮ ነበር። ልጁ እንጀራውን ይቆርሳል እንጂ አይጎርስም። ዝምታው ሲከብደኝ ስለ አበበ ቢቂላ አነሳሁለት። አበበ ከሮም በኋላ የሮጠውን ማራቶን ሁሉ እያሸነፈ ቆይቶ በ1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋር ቦስተን ሄደ። የቦስተን መንገድ ገና ሲጀመር ቁልቁል ነው፤ ጭን የሚበላው ዓይነት። ከዚያ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ግራና ቀኝ ላይ አቀበቶቹ በተከታታይ ይመጣሉ፤ የመጨረሻውን ሰዎቹ ራሳቸው «ልብ ሰባሪው» ነው የሚሉት። አበበና ማሞ ብዙውን መንገድ ከፊት ሆነው መሩ። ያን ቀን ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር። አቀበቱና ነፋሱ ተባብረው የአበበን እግር ያዙት። አበበ አምስተኛ ወጣ፤ ማሞ አስራ ሁለተኛ።

«አበበ? አምስተኛ?» አለ ልጁ። አልሰማም ነበር።

«አምስተኛ። ከዚያ ደግሞ፣ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ቶኪዮ ላይ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ። ያንን የቦስተን አቀበት ደግሞ የእናንተዋ ፋጡማ ሮባ ከ1989 እስከ 1991 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋበታለች።»

የፋጡማን ያውቃል። የአበበን አምስተኛነት ግን ማን ይነግረዋል? እኛ ሀገር የተሸነፈበትን ቀን የሚተርክ የለም። ልጁ ጥቂት አሰበና «አበበ ግን አምስተኛ ሲወጣ መጀመሪያ ወርቅ ነበረው» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? እውነት ነው። ዝም አልኩ።

በዚህ መሀል ስልክ ጮኸ። እናቱ ናት። ባለቤቴ አንስታ ለልጁ ሰጠችው፤ ልጁ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ለእኔ አቀበለኝ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ልጄ ደህና ነው ወይ?»

«ደህና ነው። አጠገቤ ነው።»

«ስንተኛ ወጣ?»

«ሃምሳ ሦስተኛ» አልኳት።

ዝም አለች። ከወዲያ ማዶ ሰው ይንሾካሾካል፤ ጎረቤት ተሰብስቧል ማለት ነው። ከዚያ ያችን አዳኝ ቃል ጠየቀችኝ።

«ከስንት?»

«ከአርባ ሺህ።»

እልልታው ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው። አንድ ሰው አይደለም፤ አምስት ስድስት ሴቶች ናቸው። ባለቤቴም ሳታስበው አብራ እልል አለች። ልጁ ግን እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ።

ስልኩን ዘግቼ ስወጣ በሩ አጠገብ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ለምን እንደሱ አሏት? አርባ ሺህ አይደለም እኮ። ከእኔ ጋር የተነሳው ጥቂት ሰው ነው።»

«እናትህ ከአንተ ጋር ስንት ተነሳ ብላ አልጠየቀችኝም። ከስንት ነው ያለችኝ። አርባ ሺህ ሮጠ፤ ሃምሳ ሁለት ቀደመህ። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«አሁን ብሄድ ሽልማቱ የታለ ይሉኛል።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር አልልም፤ አስቤዋለሁ። ግን አንዲት እናት ጎረቤት ሰብስባ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ «ከስንት?» ስትል፣ በጥቂት መቶ አትሌቶች መሀል ስላለው የደረጃ አሰጣጥ ማብራሪያ የምሰጥበት ጉሮሮ የለኝም። ዛሬም ቢሆን የምላት ያንኑ ነው።

ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ነገረኝ። መጨረሻው መስመር አካባቢ ወረቀት የያዙ ሁለት ፈረንጆችና አንድ ሐበሻ ቆመው ነበር። ከፊት ከገቡት አምስት ስድስት ልጆችን ጠርተው አነጋገሩ፣ ስልክ ተቀበሉ። «እኔ ስገባ ወረቀታቸውን እያጠፉ ነበር» አለኝ። ከመጀመሪያው ልጅ የተበለጠው ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። እኔ በዚያ ሩጫ ስለ ኑሮ ውድነት ብቻ ያወራሁበት ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

ልጁ ወደ አርሲ አልተመለሰም። ገርጂ አካባቢ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ የሌሊት ጥበቃ ሥራ አገኘ። እዚያ ሲገባ ከአራቱ ዘበኞች ሁለቱ ሯጮች ሆነው አገኛቸው፤ አንዱ ከሰላሌ፣ አንዱ ከአገው ምድር። ሌሊት ሲሚንቶ ይጠብቃሉ፣ ጎህ ሲቀድ ሦስቱም ልምምድ ይወጣሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ። ከዚያ ወዲህ ማታ መንገድ ላይ ቀጭን ዘበኛ ባየሁ ቁጥር እግሩን ነው የማየው። የዚህች ከተማ ሌሊት ግማሹ በሯጮች የሚጠበቅ ነው ብል ብዙም ያጋነንኩ አይመስለኝም። አንደኛ የወጣውን ልጅ ከነቤተሰቡ በቴሌቪዥን እናየዋለን፤ ሃምሳ ሦስተኛው ደግሞ በር ይከፍትልናል። ክለቦች ሁሉንም ይቀበሉ አልልም፤ ከየት አምጥተው? ግን አርሲም፣ ሰላሌም፣ አገው ምድርም ላሉ እናቶች ከፊት የሚሮጠው ስንት፣ ክለብ የሚገባው ስንት እንደሆነ በግልጽ የሚነግር አንድ ሰው ቢገኝ ምን ነበረበት? በጎቹ ከመሸጣቸው በፊት።

ከሩጫው ሦስት ሳምንት በኋላ አንድ እሑድ ሊጠይቀን መጣ። ደህና ነው፤ ትንሽ እንዲያውም ወፍሯል። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ዓይኑ በር ሥር ያስቀመጥኩት ጫማዬ ላይ አረፈ። ጫማው ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቴ ነው የወጣው፤ አንዱ ለቅሶ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ስንት ቁጥር ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«እኔ አርባ አንድ ነኝ።» ትንሽ ዝም አለ። «ካልሲ ቢደረብ ይሆናል።»

አነሳና አደረገው። ክሩን ሁለቴ ዞሮ አሰረው። ሳሎን ውስጥ ቦታው ላይ ቆሞ ሦስት አራት ጊዜ ዘለለ፤ ብፌው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ከዚያ ያረጀውን ጫማ በፌስታል ጠቅልሎ ተሰናብቶን ወጣ።

ባለቤቴ በሩን ዘግታ መጣችና ባዶውን ቦታ አየችው።

«ያንተ ስኳርስ?» አለችኝ።

«ሸራ ጫማ አለኝ» አልኳት።